ከድርን ወደ መንገዱ ያዞረው አሰልጣኝ

ሀበሻ ሳይማር ዶክተር የሆነባቸው ሁለት ነገሮች አሉ፤ የሰው ትዳርና የሰው የኳስ ቡድን። የገዛ ቦርጩን ማዘዝ ያቃተው ሁሉ ዓርብ ዓርብ ሜዳ ዳር ይቆምና አሥራ አንድ ሰው ያዝዛል። ይህን የምለው ልሰድባችሁ ፈልጌ አይደለም... እሺ፣ ትንሽ ፈልጌ ነው። ግን አትቀየሙኝ፤ ዛሬ ከሁላችሁም በፊት የምሰድበው ራሴን ነው። እዚህ ሳዑዲ፣ ባይሽ በምትባል ከተማ፣ የሀበሾች ቡድን አዲስ አሰልጣኝ ሲመርጥ የመራጭ ኮሚቴው ጸሐፊ እኔ ነበርኩ።

ኮሚቴ ስላችሁ ብዙ ሰው እንዳይመስላችሁ። ሦስት ነን። ሊቀ መንበሩ ሰይድ የሰፈራችን ባቃላ፣ ያው ሱቅ፣ ውስጥ ሩዝና ውኃ ይሸጣል፣ አባሉ ሳሙኤል ኤሌክትሪክ ይዘረጋል፣ ጸሐፊው እኔ ደግሞ ጋራዥ ውስጥ ከመኪና ሥር ተኝቼ እውላለሁ። የሚያመሳስለን ነገር ቢኖር ሦስታችንም ኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድ፣ ኪሳችን ውስጥ መኖሩ ነው። ኢቃማ ያለውን ሰው እዚህ አገር በአረማመዱ ታውቁታላችሁ፤ የመንገዱን መሐል ይዞ ነው የሚሄደው። ጠባዩም እንደ አረማመዱ ነው።

የድሮው አሰልጣኛችን ጋሽ ሙሄ የከሚሴ ሰው ነው። ዶሮ እርባታ ውስጥ ዕድሜውን ጨርሶ፣ ዘንድሮ የመጨረሻ መውጫ ቪዛውን አስመትቶ አገሩ ገባ። ስለ ኳስ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም። “አንተ እዚህ፣ አንተ እዚያ፣ ያላ” ይላል፣ ከዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጥርሱን ይፍቃል። አሰላለፉ ግን ለጉድ ነበር። ሜዳችን ከባይሽ ዋዲ፣ ከደረቁ ወንዝ፣ አጠገብ ጦሙን ያደረ እርሻ ነው። በአንድ ጎኑ የመኪና መንገድ ያልፋል፣ በሌላው ጎኑ ከሰው ቁመት በላይ የሆነ ማሽላ ቆሟል። ጋሽ ሙሄ ፈጣን ፈጣኖቹን በሙሉ ወደ ማሽላው ያከማችና እኔን የመሳሰልነውን ወፍራሞች ወደ መንገዱ ይበትነናል። ከእረፍት በኋላ ጎል ስንቀያየር ደግሞ የሌላው ቡድን ግራ ክንፍ እዚያው ግራው ላይ ሲቀር፣ የእኛው ከድር ማሽላውን ተከትሎ ቀኝ ክንፍ ይሆናል። የጂዛን ከተማ ሀበሾች በመጡ ቁጥር “የባይሽ አሰልጣኝ ግራና ቀኙን አይለይም” እያሉ ይስቁብን ነበር። እኛም እናፍርና አብረን እንስቅ ነበር።

ምክንያቱን አሁኑኑ ልንገራችሁ፣ አብራችሁኝ ተናደዱ። ከቡድናችን አምስቱ ወረቀት የላቸውም። በየመን በኩል ድንበሩን በእግራቸው አቋርጠው የገቡ ናቸው። ደውሪያ፣ ያው የፖሊስ ቅኝት መኪና፣ በመንገዱ ብቅ ካለ ማሽላው ውስጥ እልም ለማለት ያላቸው ጊዜ አንድ ማዕዘን ምት እስኪመታ ድረስ ነው። ጋሽ ሙሄ ሰዉን ያሰለፈው በእግሩ ሳይሆን በወረቀቱ ነበር። ኢቃማ ያለው ወደ መንገዱ፣ የሌለው ወደ ማሽላው። ሦስት ዓመት ሙሉ አብሬ ስጫወት ይህ አልታየኝም። እንዴት ይታየኛል? እኔ ደውሪያ ሲመጣ ኪሴን ዳበስ አድርጌ ኳሴን እጠብቃለሁ።

ከድር ማለት ደግሞ የቡድናችን ሳንባ ነው። የወረባቦ ልጅ ነው፣ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ማንጎ ይለቅማል፣ ማሽላ ያጭዳል፣ ቀን ሥራ ካገኘ ብሎኬት ይሸከማል። ከአገሩ ሲነሳ ሚስቱ ሆድ ውስጥ የነበረችው ልጁ አሁን በስልክ “አባ” ትለዋለች። ከሰፈሩ አምስት ሆነው ወጥተው ሁለቱን መንገድ ላይ ቀብሮ ነው የገባው። ከተያዘ ተርሒል፣ ያው መመለሻ ጣቢያው፣ ይገባና ባዶ እጁን ወደ መጣበት ይሸኛል። ዓርብ ከሰዓት ብቻ ሰባት ቁጥር ለብሶ ሰው ይሆናል።

እንግዲህ ጋሽ ሙሄ ሲሄድ ሁለት እጩዎች ቀረቡ። አንደኛው አብዱ የከብት ገበያው የፍየል ነጋዴ ነው። ሰይድ ሱቅ ውስጥ የውኃ ካርቶን ላይ አስቀምጠን ለቡድኑ ምን ዕቅድ እንዳለው ጠየቅነው። ትንሽ አሰበና “ማሽላው የሚታጨደው መቼ ነው?” አለን። እኛ ተያየን። ሰውዬው ቡድን ሊይዝ ሳይሆን እርሻ ሊኮናተር የመጣ መሰለን። ቃለ ጉባኤው ላይ በገዛ እጄ “እጩው የኳስ ዕውቀት የለውም” ብዬ ጻፍኩ። ይህች እጅ እስካሁን አልተቆረጠችም።

ሁለተኛው ኮች ቢንያም ነበር። ጂዛን ውስጥ ሞባይል ይጠግናል። ላፕቶፕ ይዞ መጣ። ከፈተው... ክብ፣ ቀስት፣ ሦስት ማዕዘን፣ ቀይ፣ ሰማያዊ። የተጫዋቾቹን ስም እንኳ ሳይጠይቅ “ቅድሚያ ሲስተም ነው፣ ተጫዋች በኋላ ይደርሳል” አለ። ሳሙኤል ተጫዋቾቹን አንዴ አይቶ ቢያስብበት አይሻልም ወይ ብሎ ሊሞክር ነበር። እኔ ነኝ በክርኔ የጎሸምኩት። ወገኖቼ፣ የጂዛኖቹ ሳቅ አንጀቴን አቃጥሎኝ ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ ስልጡን ቡድን ተብለን ማየት ፈለግሁ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዲሉ፣ ሦስታችንም እጃችንን አወጣን።

ኮች ቢንያም በመጀመሪያው ልምምድ ከድርን ጠራው። ቀኝ እግረኛ በግራ ክንፍ ሆኖ ወደ ውስጥ ሰብሮ መግባት እንዳለበት፣ ዓለም ሁሉ እንዲህ እንደሚጫወት፣ ከእረፍት በኋላ ክንፍ መቀያየር ግን ኋላ ቀርነት እንደሆነ አስረዳው። በአጭሩ፣ ከድር በሁለተኛው አጋማሽ መንገዱ ዳር ሊቀር ነው። የቀሩትን አራቱን ደግሞ መሐል ሜዳ ደረደራቸው። ማን ይናገራል? የማያውቀው ሰው ፊት ወረቀት የለኝም ብሎ አፍ የሚያወጣ የለም። ልምምዱ ሲያበቃ ግን ከድር ወደ እኔ መጣና “ጋሼ፣ የመንገዱ ዳር አይመቸኝም” አለኝ። እኔ ጸሐፊው ምን ብመልስለት ጥሩ ነው? ኳስ ተጫዋች ለሥርዓት ይገዛል አልኩት። “እሺ ጋሼ” ብሎ ጫማውን መፍታት ጀመረ።

ጂዛኖች የመጡት በሁለተኛው ሳምንት ዓርብ ነው። የዐስር ሶላት ተሰግዶ ጨዋታው ተጀመረ። የመጀመሪያው አጋማሽ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ደስ ይል ነበር። ከድር በማሽላው በኩል ነበርና አንድ አግብቶ፣ አንድ ገብቶብን ወጣን። ኮች ቢንያም ፊሽካውን አንገቱ ላይ እያወዛወዘ ወዲያ ወዲህ ይላል። ከእረፍት በኋላ ጎል ቀየርን። ከድር መንገዱ ዳር ቆመ። ዐይኑ ኳሷ ላይ አልነበረም፤ በትከሻው ላይ ወደ ኋላ ነው የሚያየው። ኮቹ “ሰባት ቁጥር፣ ትኩረት!” ይላል።

ደውሪያው ቀስ እያለ መጣና ከከድር አሥር እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ ቆመ።

መሐል ሜዳ የነበሩት አራቱ ወዲያው ወደ ማሽላው ተፈተለኩ። ከድር ግን ከፊቱ ሜዳው በሙሉ ተዘርግቷል፣ ከጀርባው ፖሊስ ነው። ኮች ቢንያም “ቦታህን አትልቀቅ!” ብሎ ጮኸ። ከድር ለቀቀ። እንዴት እንደ ሮጠ ልንገራችሁ አልችልም። ሁለት ጂዛኖችን አልፎ፣ በእኔ አጠገብ እንደ ንፋስ ሾልኮ፣ መሐል ሜዳውን ሰንጥቆ ወደ ውስጥ ገባ። ኮቻችን ይህን ሲያይ ፊቱ በራ። “ይሄ ነው! ወደ ውስጥ መስበር ማለት ይሄ ነው!” እያለ ዘለለ። ኳሷ እኔ ጋ መሆኗን አላየም። ከድር መሐሉንም አልፎ፣ መስመሩንም አልፎ፣ ማሽላው ውስጥ ጠፋ። ኮች ቢንያም ይመለሳል ብሎ ቆሞ ጠበቀው።

ፖሊሱ ከመኪናው ወርዶ አለቃችሁ ማነው አለ። እኛ ሁላችን መሬት መሬት ስናይ ኮች ቢንያም ደረቱን ነፍቶ ወጣና ኢቃማውን ሰጠ። ፖሊሱ አነበበ። እንደገና አነበበ። ለካ የኮቻችን ወረቀት ላይ የተጻፈው ሙያ ራዒ፣ ማለትም እረኛ፣ ነው። ፖሊሱ ቀና ብሎ “ፍየሎቹ የታሉ?” ሲለው፣ ኮች ቢንያም ትንሽ ከተጨነቀ በኋላ እጁን ዘርግቶ እኛን አሳየው። ፖሊሱ እስኪያስለው ሳቀና ወረቀቱን መለሰለት። እንግዲህ እኔ በአርባ አንድ ዓመቴ በመንግሥት ፊት ፍየል ሆኜ ተመዘገብኩ። ይገባኛል።

ሳቁ ሲበርድለት ግን ወደ እኔ ዞሮ ሰባት ቁጥሩ የት እንደሄደ ጠየቀኝ። ሆዱን አሞት ነው አልኩት። ፖሊሱ ማሽላውን ለረጅም ጊዜ ተመለከተው። አንድ አገዳ እንኳ አይነቃነቅም። “አላህ ያሽረው” አለ፤ “ኳስ ልናይ ነበር የቆምነው። እንደሱ የሚሮጥ ሰው አይቼ አላውቅም።” መኪናው ውስጥ ገብቶ ሄደ።

በስድስት ሰው ጨረስነው፤ ማለቴ ጨረሱን። አምስት ለአንድ። ኮች ቢንያም ከጨዋታው በኋላ ሰብስቦን ምን ቢል ጥሩ ነው? አምስት ተጫዋቾች ያለ አሰልጣኝ ፈቃድ ሜዳ ስለለቀቁ ሁለት ሁለት ጨዋታ እንዲታገዱ ጠየቀ። ሳሙኤል ጎትቶ ወደ ጥግ ወሰደውና እውነቱን ነገረው። ኮቻችን ሰማና፣ ይህ ቀድሞ ቢነገረው ኖሮ ሲስተሙ ውስጥ ያስገባው እንደነበር አስታወቀ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት እንዲህ ያለው ሰው ነው። የሚያበሳጨኝ ግን እውነቱን መናገሩ ነው። አልነገርነውም። የማሽላውን ምስጢር እኛስ ከዚያ ቀን በፊት መች አውቀን?

ሊመሽ ሲል አራቱ አንድ በአንድ ብቅ አሉ። ከድር አልመጣም። ስልኩም ልብሱም ያለው እኛ ጋ ባለው ቦርሳው ውስጥ ነው። ማሽላው ዳር ቆመን ተጣራን፣ መልስ የለም። በማግስቱ ስልኩ ጮኸ። የልጁ ፎቶ ስክሪኑ ላይ ወጣ። አላነሳሁትም፤ ምን ልላት ነው? አባትሽን ስልጡን ልናደርገው ስንል ጠፋብን ልበላት? እንዲህ ያፈርኩበትን ቀን አላስታውስም።

በአራተኛው ቀን ጋራዡ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። አንድ እግሩ አብጧል፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ዋዲውን ተከትሎ ሽቅብ ወጥቶ፣ አንድ የሚያውቀው የአገሩ ልጅ የሚሠራበት እርሻ ከብት ማደሪያ ውስጥ ሦስት ቀን ተደብቆ ከርሟል። ቦርሳውን ሰጠሁት። መጀመሪያ ስልኩን አወጣ፣ ሚስቱ ጋ ደወለ፣ ደህና ነኝ ሥራ በዝቶብኝ ነው አላት። ሲጨርስ ጠብቄ “ከድር፣ በድዬሃለሁ” አልኩት።

“ምን በደልከኝ ጋሼ” አለኝ፤ “አላየህም እንጂ።”

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ነገሩን ለመቀየር ብዬ ኮች ቢንያም “ይህ ቡድን አይመጥነኝም” ብሎ ወደ ጂዛን መመለሱን፣ አብዱን ለምነነው እንቢ እንዳለን ነገርኩት። አብዱ ያለው ማሽላው ሊታጨድ ሳምንት ነው የቀረው፣ በአጨዳ ሰሞን ቡድን አልይዝም ነው።

ከድር ራሱን ነቀነቀ። “ልክ ነው። ሌላ ሜዳ ፈልጉ። አሰልጣኙ ደግሞ ኢቃማ የሌለው ይሁን።”

“ለምን?”

“ወላሂ ጋሼ፣ ኢቃማ ያለው ሰው የሚያየው ኳሷን ብቻ ነው። የሌለው ሜዳውን በሙሉ ያያል።”

ኮሚቴው በዚያው ሳምንት ተሰበሰበ። ቃለ ጉባኤ አልተያዘም፤ ጸሐፊው መጻፍ ተከልክሏል። አሰልጣኝ አገኘን፣ ሜዳም አገኘን። አሰልጣኙ እኔን ከፊት ለፊት መንገዱ አፋፍ ላይ ገትሮኛል፣ ሥራዬም ኳስ ሳይሆን መኪና ማየት ነው፣ አሪፍ እያየሁ ነው። ሜዳው የት እንደሆነ ግን አልነግራችሁም። የአሰልጣኙንም ስም አልጽፍም። ከድር ያልኳችሁም ሰው ከድር አይባልም፣ የወረባቦም ልጅ አይደለም፣ ሰባት ቁጥርም ለብሶ አያውቅም። የኮች ቢንያም ግን ትክክለኛ ስሙ ነው፤ እሱ ምን ይሆናል፣ ኢቃማ አለው።