የግቢያችን አዛኝ እና የእኔ አረም

አዛኝ የሌለበት ግቢ የለም። ውሃ የማይመጣበት ግቢ አለ፣ መብራት የሚጠፋበት ግቢ አለ፤ አዛኝ ግን አይጠፋም። የእኛ አዛኝ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው። በሆዴ “ክቡር አዛኝ” እላቸዋለሁ፤ ፊት ለፊት ያው “ጋሼ” ናቸው።

እኔ የምሄደው በዊልቸር ነው። ክቡር አዛኝ ዊልቸሬን ባዩ ቁጥር የድሮ ሥራቸው ይነሳባቸዋል። ሳይጠይቁ ከኋላ ይይዙና ይነዱኛል። ባለሱቁ “ምን ልስጥሽ?” ሲለኝ መልሱ ከአናቴ በላይ ይመጣል፦ “እሷ ሳሙና ነው የምትፈልገው።” የፈለግሁት ባትሪ ድንጋይ ነበር። ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ይባላል፤ እኔ ግን ሳሙናዬን ታቅፌ ተመለስኩ።

የተፈጥሮ ትምህርት በርቀት ልጀምር ነው ስላቸው ደረታቸውን ያዙ።

“ተፈጥሮ? ጫካ ሊያስገቡሽ? አንቺ ምን በወጣሽ! ቁጭ ብለሽ ሒሳብ አያያዝ አትማሪም?”

“ቁጭ ብዬማ ነው የምማረው ጋሼ።”

አልሳቁም። “ምስኪን” ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ይህቺ “ምስኪን” የምትባል ቃል ደሜን ታፈላዋለች።

የመጀመሪያው አሳይመንት እንዲህ ይላል፦ አንድ ቁራሽ መሬት ምረጡ፤ አትንኩት፤ ምን እንደሚበቅልበት፣ ምን ነፍሳት እንደሚመጡበት በየሳምንቱ ፎቶ እያነሳችሁ ጻፉ። ለሌላው ሰው ቀላል ነው። በግቢያችን ዊልቸር የሚደርስበት አፈር ግን አንድ ብቻ ነው፤ ሲሚንቶው አጥሩ ጋ የሚያልቅበት ጥግ። ሌላው ሁሉ ደረጃና ድንጋይ ነው። በዚያች ጥግ አረሙ እንደልቡ በቅሏል፣ ጉንዳን መንገድ አውጥቷል፣ ስሟን ገና ያላወቅኋት ቢጫ አበባ ልትፈነዳ ደርሳ ነበር።

አንድ ጠዋት ስወጣ ጥጉ ተላጭቶ ጠበቀኝ። ክቡር አዛኝ ማጭድ ይዘው ላባቸውን ይጠርጋሉ።

“መንገድሽን አጸዳሁልሽ ልጄ። ይባረኩ እንኳ አትይም?”

ጮህኩ። አንቱታውን ሳልተው ጮህኩ። “ማን ጠየቀዎት? የማይሠራው እግሬ ነው እንጂ አፌ ነው እንዴ? ትምህርቴን እኮ ነው ያጨዱት!” ጎረቤቱ በየመስኮቱ ብቅ አለ። እሳቸው ማጭዳቸውን ይዘው ገቡ። አስተማሪዬ ደግሞ በስልክ አልራራችልኝም። “እስከ አርብ ሌላ ቦታ ካላገኘሽ ለሚቀጥለው ዓመት ነው” አለችኝ። አለቀስኩ። የንዴት ነው፣ ማንም እንዳያዝንልኝ።

በማግስቱ መዶሻ ሰማሁ። ጋሼ በጓሯቸው ደረጃ ላይ ከአሮጌ በር ጣውላ የዊልቸር መወጣጫ እየመቱ ነው። ሚስታቸው ለዓመታት “እባክህ መንጥረው” ያሉት፣ አረም የዋጠው ጓሮ! ችግሩ፣ ሹፌር እንጂ አናጺ አይደሉም። መወጣጫው ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ለጣሪያ የሚሆን ነው። ግማሽ ላይ ስደርስ ወደ ኋላ ተንሸራተትኩ። እጃቸው ወደ ዊልቸሬ ሮጠ፤ ከዚያ አየር ላይ ቀረ።

“ምን ላድርግ?” አሉኝ።

ጉድ! ጋሼ ጠየቁኝ። “ያስረዝሙት፤ ዝቅ ይበል” አልኩ፣ አሁንም እንደተቆጣሁ። ነቅለው መቱት። ሞከርኩት፤ አልሆነም። ደግመው ነቀሉት። ሐሙስ ከሰዓት ብቻዬን ወጣሁ።

አሁን ጓሮውን ቆመው ይጠብቃሉ። ሚስታቸው ልብስ ላስጣ ሲሉ “ትምህርት ላይ ነን!” ብለው ይመልሷቸዋል። ነን! በጀርባዋ የወደቀች ጥንዚዛ አይተው በእንጨት ሊያነሷት ሲሉም ተጣልተናል፤ “አትንኩት” ነው የተባለው፣ አስተዋጽኦ ያድርጉ ያላቸው የለም።

አሳይመንቱ መጨረሻ ላይ “በቦታው የሰው ተጽዕኖ ይታያል ወይ?” ብሎ ይጠይቃል። እንዲህ ብዬ መለስኩ፦ “ይታያል። አንድ ነው፤ ትልቅ ነው፤ ይጮኻል። ከባድ ጉዳት አድርሷል። ቢሆንም ዝርያው እንዳይጠፋ ጥብቅ ጥበቃ ይደረግለት።”