ጉድጓዱ ፎቶ ሲያነሳ

ሕልም እንደ ፈቺው ነውና በደግ ፍቱልኝ። ትናንት ሌሊት በሕልሜ፣ የልጅ ልጄ ኤፍራታ ፎቶ ላነሳ ብላ የሄደችበት በረሃ ውስጥ ቆሜያለሁ። እዚያ በጥንት ዘመን ከሰማይ የወረደ ድንጋይ የማሰው ትልቅ ጉድጓድ አለ። ስሸኛት «ጫፉ ጋ እንዳትቆሚ» ብዬ አስምዬ ነው የላክኋት። ከሄደች ወዲህ ስልኳ አልሠራ ብሎኝ ስደውል ሰንብቻለሁ።

ታዲያ ጉድጓዱ ቦታው የለም። ተነስቶ፣ ካሜራ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ እሷን ፎቶ ሊያነሳ ያነጣጥራል! ግመል ባለቤቱ ጀርባ ላይ ተቀምጦ «ቀስ በል እንጂ፣ ወገቤን!» ይላል። ድንጋዮች ሻንጣቸውን ይዘው ይጋፋሉ፤ ቀበሮ የታክሲ ረዳት ሆኖ «ሰማይ! ሰማይ! የሞላ፣ አንድ ሰው!» እያለ ይጮኻል።

አንዲት አሮጊት ጉድጓድ ነጠላዋን አጣፍታ እየተንገዳገደች መጣች።

«አንተ ልጅ! የሰው ጫፍ ጋ አትቁም አላልኩህም? ብትወድቅባትስ!»

«እመቤቴ፣ የእርስዎም ምክር አይሰማም?» አልኳት።

«የት ይሰማል! አንድ ድንጋይ ከሰማይ ቢመጣለት ልቡ አበጠ። ይኸው ሹራቡን ትቶት ወጣ።»

«የእኔም ትታው ሄደች!»

ተቃቅፈን አለቀስን።

ጉድጓዱ ግን «ትንሽ ወደ ኋላ! አሁንም ወደ ኋላ!» ይላታል። ከተረከዟ ሥር ሰማዩ ተንጣሏል። ሮጬ የነጠላዬን አንድ ጫፍ ወገቧ ላይ ቋጠርኩ፤ ሌላውን ከአሮጊቷ ጋር ይዘን መጎተት ጀመርን።

«ሳቂ!» አላት ጉድጓዱ።

«እንዳትስቂ፣ ትነቃነቂያለሽ!» ብዬ ጮኽኩ።

ካሜራው ቀጭ ሲል ነጠላው ተተረተረ።

ባንኜ ስነሳ አንሶላውን ጨምድጄ ይዣለሁ። ነግቷል፤ ስልኩ ይጮኻል።

«እምዬ፣ ደህና አደርሽ? ፎቶ ልኬልሻለሁ፣ አየሽው?»

«ፎቶውን ተይውና፣ ጫፉ ጋ ቆመሻል?»

«ኧረ በፍጹም! ምዬልሽ የለ እንዴ?»

«ተመስገን! ተመስገን! ታዲያ የት ነሽ፣ ዓለሜ?»

«ውስጡ። ታች መሃሉ ላይ። የሚገርምሽ፣ ኔትወርክ ያለው እዚህ ብቻ ነው። ገመዱን የሚይዝልኝ ሰውዬ ቁርስ በልቶ እስኪመለስ እንጫወት ብዬ ነው የደወልኩልሽ።»