የማርታ ሻርፕና የእኔ ነጠላ

ሚዛን የምትፈሩ አላችሁ? እኔ እፈራለሁ። ሰው ውሻ ይፈራል፣ ጅብ ይፈራል፣ አከራይ ይፈራል። እኔ እነዚህን ሁሉ ፈርቼ ስጨርስ የልጅ ሚዛን እጨምራለሁ። አትሳቁ፣ ምክንያት አለኝ።

ከቁስቋም ቁልቁል ሲወርዱ አንድ የማኅበረሰብ ማዕከል አለ። እንደኔ ትምህርታቸውን ስምንተኛ ክፍል ላይ የጣሉ እናቶች ስፌት ይማሩበታል። እኛ ስንሰፋ ልጆቻችን በጎን ባለው ክፍል ይውላሉ። ማርታ የመጣችው እዚያ ነው። ማርታ ፈረንጅ ናት። ስሟን ስንሰማ ግራ ተጋባን፤ አክስቴም ማርታ ናት፣ ግን እንዲህ አትነጣም።

በጎ ፈቃደኛ ናት አሉን። ለሁለት ዓመት፣ ያለ ደመወዝ። መጀመሪያ ያስፈራኝ ይሄ ነው። ሰው እናቱንና አልጋውን ትቶ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ጉለሌ ድረስ የሰው ልጅ ንፍጥ ሊጠርግ የሚመጣው ለምንድን ነው? የገዛ ልጄ ንፍጥ እኔን እንኳ አንዳንዴ ይሰለቸኛል። ባለቤቴን ደረጀን ጠየቅኩት። የሸጎሌ መስመር ታክሲ ሹፌር ስለሆነ ለሁሉም ነገር መልስ አለው። «ፍቅር ይዟት ይሆናላ» አለኝ። ከማን ጋር ስለው፣ «ካገሩ ጋር» አለና ሻዩን ጠጣ። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል ይባል የለ? እኔ ከሩቅ ማየት ጀመርኩ።

ማየት ላይ ጎበዝ ነኝ። ብዙ አላወራም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም እየተባልኩ ስላደግኩ ይሁን ትምህርቴ ስላጠረ፣ እንጃ፤ ብቻ ሰው ሲያወራ እኔ አያለሁ። ማርታ ውሃ ሲጠፋ ጀሪካን ይዛ ከእኛ ጋር ትሰለፋለች። ጉርሻ ሲመጣላት ጥርስ ሐኪም ፊት እንደተቀመጠ ሰው አፏን ከፍታ ዓይኗን ትጨፍናለች። አርብ አርብ ከሰዓት በኋላ ግንቡ ላይ ተቀምጣ በስልክ ከእናቷ ጋር ታወራለች። ስትጨርስ ዓይኗን ታብስና «አቧራ» ትላለች። በሐምሌ ምን አቧራ አለ?

ወደ ሚዛኑ ልመለስ። ሰኞ ሰኞ ሕፃናቱን ትመዝናለች። ልጁን የጨርቅ ሱሪ መሳይ ነገር ውስጥ ታስገባና ከጣሪያው በወረደው ሚዛን ላይ ታንጠለጥለዋለች። ሸጎሌ የከብት ገበያ እንኳ በግ በእጅ ተዳብሶ ነው የሚገዛው። እሺ፣ መመዘኑን ልቻለው። ቁጥሩን ጮክ ብላ ትናገራለች። ከዚያ ደግሞ «ወፍራም፣ ቆንጆ» ትላለች፤ በሰው ሁሉ ፊት፣ ትፍ ትፍ ሳትል፣ ማርያም ታሳድገው ሳትል። እንዲህ ያለ ነገር ይደረጋል? እኛ ዘንድ ልጅ ከተመሰገነ እናትየው ፈጥና «ኧረ ምንም አይበላ» ማለት አለባት። ጉንጩ ሊፈነዳ ቢደርስም አይበላም። ደንቡ ነው።

አንድ ሰኞ የእኔ ናቲ ተመዘነ። ገና ዘጠኝ ወሩ ነው። ማርታ ቁጥሩን አየች፣ ደግማ አየች፣ «ናቲ አንደኛ» አለችና ግድግዳው ላይ ስሙ አጠገብ ወርቃማ ኮከብ ለጠፈች። ክፍሉ ውስጥ ያለች እናት ሁሉ ዞራ ልጄን አየች። ኧረ አይበላም ልል አፌን ከፈትኩ፤ ድምፅ አልወጣም። ልጁ ደግሞ እዚያው ተንጠልጥሎ ይስቃል።

ረቡዕ አተኮሰው።

ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። ሲስተሯ ጆሮው ነው ብላ መድኃኒት ሰጠችኝ። ሐሙስ ትኩሳቱ አልወረደም። ጡት እምቢ አለ። ሰው ሲፈራ ልቡ ይመታል ይላሉ፤ የእኔ እንደሱ አይደለም። ቆሞ ያዳምጣል። ልጁ ይተነፍሳል፣ እኔ አዳምጣለሁ። ትንሽ ሲዘገይ እጄን አፍንጫው ሥር እሰዳለሁ።

አርብ ጠዋት ናቲን አዝዬ አልመጣም ልል ማዕከሉ ሄድኩ። በር ላይ ያገኘችኝ እትዬ ጥሩነሽ ናት፣ የማዕከሉ ወጥ ሠሪ። ወጥ እያማሰለች የማትመረምረው በሽታ የለም። ግንባሩን ዳሰሰችና፣ «ማን አመሰገነው?» አለችኝ።  ዓይኔ ሄዶ ሚስማር ላይ የተሰቀለው የማርታ ሰማያዊ ሻርፕ ላይ አረፈ።

«በይ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ትንሽ ቁረጪና አቃጥለሽ በጭሱ አጥኚው። ሳታውቅ ነው ታዲያ። ባለቤቱ ካወቀ አይሠራም።»

«መድኃኒት ጀምሯል እኮ፣ እትዬ።»

«እሱንም ስጪው። ማን ከለከለሽ?»

አስቡት እንግዲህ። ከተያዝኩ የሰው ልብስ ቀዳጅ ተብዬ እባረራለሁ፤ ስፌቱም ይቀራል፣ የናቲም ቦታ ይቀራል። ካልቆረጥኩ ደግሞ... ያቺን ሐሳብ አልጨርሳትም። መቀሱን ከመሳቢያ አወጣሁ። መቀስ እንዲህ እንደሚጮህ ያን ቀን ነው ያወቅኩት። የስፌት ተማሪ በመሆኔ ከታጠፈው ጠርዝ ውስጥ፣ የማይታይ ቦታ መርጬ፣ የጥፍር ያህል፣ ቀጥ አድርጌ ቆረጥኩ። ቁራጯን በእጄ ጨበጥኩ። ቀና ስል ማርታ በሩ ላይ ቆማለች።

መቀሱን አየች። ሻርፑን አየች። እኔን አየች። ናቲ ጀርባዬ ላይ አቃሰተ። እኔ ጉለሌን ለቅቄ የምገባበትን አገር ማሰብ ጀምሬአለሁ። ማርታ መጥታ አቀፈችኝ። ለካ የተተረተረ ክር የማስተካክልላት መስሏታል። «ልጅ ታሞ፣ አንቺ ለእኔ ትሠሪያለሽ» አለችና ዓይኗ እንባ ሞላ። አሁንም አቧራ አለች። ሰኞ ደግሞ ክራቸው የተተረተረ ሁለት ሸሚዝና አንድ ሱሪ አመጣችልኝ። የእጄን አገኘሁ።

ቁራጯን አርብ ማታ አቃጥዬ አጠንኩት፤ ናቲ ቅዳሜ ዳነ። መድኃኒቱ ነው? ጨርቁ ነው? አልጠየቅኩም። የዳነን ልጅ ማን ይመረምራል?

ነሐሴ ገባ። ማርታ ታመመች፣ ሆዷን። ሐኪም ቤት ሄዳ መድኃኒት ጀመረች፤ ግን በሦስተኛው ቀንም አልተነሳችም። ከማዕከሉ ጓሮ አንዲት ክፍል ነበረቻት። የአጃ ሾርባ ሠርቼ ሄድኩ። ስገባ የተቃጠለ ጥጥ ሸተተኝ። አልጋዋ አጠገብ ወንበር፣ ወንበሩ ላይ ክብሪትና የሻይ ሳህን፣ ሳህኑ ላይ አመድ። አመዱ ውስጥ ሳይቃጠል የቀረ አረንጓዴ ክር።

ያንን አረንጓዴ አውቀዋለሁ። ነጠላዬን ከትከሻዬ ሳብኩና ጥለቱን አየሁ። ጠዋት ስንሰፋ ማርታ እንደምንም ተነስታ ከምንሰቅልበት ቦታ አግኝታው ነው። አንደኛው ጫፍ የለም። የቆረጠው ሰው ደግሞ መቀስ ይዞ የማያውቅ ነው፤ አይጥ የበላችው ነው የሚመስለው።

ማርታ እስከ ጆሮዋ ቀላች። በዚያ ቀስ በሚለው አማርኛዋ እትዬ ጥሩነሽ ምን እንዳለቻት ነገረችኝ። ስትበዪ ማን ያይሻል ብላ ጠይቃት ነበር። «አንቺ ብዙ ታያለሽ፣ ትንሽ ታወሪያለሽ» አለችኝ። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞረች። «አላምንበትም። ግን ፈራሁ። እናቴ ሩቅ ናት።»

የፈሩት ይደርሳል የሚሉት እንዲህ ነው ለካ። እኔ የእሷን ዓይን ስፈራ፣ ባሕር ተሻግራ የመጣች ሴት ተኝታ የእኔን ዓይን ትፈራለች።  ተነስቼ ሻርፗን ግድግዳዋ ላይ ካለው ሚስማር አወረድኩ፣ የታጠፈውን ጠርዝ ገለጥኩ፣ ቀዳዳውን አሳየኋት። በሁለት ጣቴ መቀስ ሠራሁላት። ማርታ ቀዳዳውን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ ሆዷን ይዛ እስክትቃትት ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ሾርባውን ጠጣች፤ እኔ ደግሞ ስትጠጣ ላለማየት መስኮቱን አየሁ።

ስወጣ ወጥ ቤት ገባሁ። እትዬ ጥሩነሽ ሽንኩርት ትከትፋለች። ምነው እትዬ፣ ለሁለታችንም አንድ መድኃኒት? አልኳት። ቀና እንኳ አላለችም። «ልጅሽ ዳነ?» አዎ። «እሷስ ተነሳች?» ልትነሳ ነው። «ታዲያ ምን አጠፋሁ? አንቺም ዝም ብለሽ ስታፈጥጪ ታስፈሪያለሽ፣ እውነቱን ልንገርሽ።»

እየሳቅኩ ነበር የወጣሁት። ሳቁ ግን ቤቴ በር ላይ አለቀ። ናቲ ምንጣፉ ላይ ተቀምጦ ማንኪያ ይቀጠቅጣል። ቆሜ አየሁት፤ እንደ ሁልጊዜው፣ ሳላወራ፣ ረጅም። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ማርታ ናቲን ያየችው ሰኞ ሰኞ ነው። እናቶቹ አንዴ ዞረው አዩት። ከጠዋት እስከ ማታ፣ ተኝቶም ነቅቶም፣ በዚህ ዓይን የሚያየው ማነው?

ናቲ አስነጠሰ።

ደህና ነው፣ ማስነጠስ ነው እንጂ ሌላ አይደለም፤ ልጅ ያስነጥሳል። ቢሆንም መቀሴን አነሳሁ፣ ከነጠላዬ የቀረውን ጫፍ ያዝኩ። እትዬ ጥሩነሽ ያለችው ግን መጣብኝ፤ ባለቤቱ ካወቀ አይሠራም። ባለቤቷ ደግሞ እኔ ነኝ።

ምን ላድርግ? ዓይኔን ጨፍኜ ቆረጥኩ። ስገልጥ አይጥ የበላችው መስሎ ተጣሟል። ማርታም ስትቆርጥ ዓይኗን ጨፍና ነበር ማለት ነው።