ውኃን ለማፋታት የተላክሁበት ሌሊት

ትናንት ሌሊት፣ ጸሎቴን አድርሼ ጋደም እንዳልሁ፣ እንዲህ ያለ ሕልም አለምሁ።

ሰማዩ ከታች፣ ምድሩ ከላይ ነበረ፤ ሆኖም ማንም አልወደቀም። የቤት እመቤቶች በአብነት ተማሪዎች ደጅ ቆመው፣ «በእንተ ስማ ለማርያም፣ ቁራሽ ተቀበሉን» እያሉ ይለምናሉ። ውሾቹ ከተማሪዎቹ ንክሻ ለመዳን በትር ይዘዋል። እኔም ሳልደነቅ አለፍሁ።

ወዲያው መስታወት ከተተከለበት ሜዳ ደረስሁ። ኢንጂነር ልዑልሰገድ የተባለ ካባ የደረበ ሰው እግሬ ላይ ወደቀ። በዚያ አገር የሽማግሌ ሥራ ባልና ሚስትን ማስታረቅ ሳይሆን ማፋታት ነውና፣ ለዚሁ እንደ ተፈለግሁ ነገረኝ። መስታወቶቹ የፀሐይን ሙቀት ሰብስበው ወደ አንድ ማማ ጫፍ ይልካሉ። በዚያ ጫፍ ላይ እንስራ ሙሉ ውኃ ተቀምጧል። በውኃው ውስጥ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን በቁርባን ተጋብተው ይኖራሉ። እነርሱ ካልተለያዩ አገሩ ነዳጅ የለውም። ምጥ የያዛት ሴት የጫነ አምቡላንስ እንኳ ሃይድሮጅኑን እየጠበቀ ከማማው ሥር ቆሟል።

«ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሳስታርቅ ነው የኖርሁት» አልሁት።

«የኔታ፣ ፍቺው ለዘለዓለም አይደለም» አለኝ። «ሃይድሮጅኑ በሞተሩ ውስጥ ሲነድ ከኦክስጅን ጋር ይታረቃል። በጭስ ፈንታ ውኃ ሆነው ይወጣሉ።»

ይህን ስሰማ ልቤ ተረታ። ምድር ከላይ ስለ ነበረች ወደ ማማው ጫፍ ወረድሁ። እንስራው ፍም መስሏል፤ ባልና ሚስቱ ግን ተቃቅፈው ይሥቃሉ። የጠባይ አለመስማማት፣ የአማት ጣልቃ ገብነት፣ በሽምግልና ዘመኔ የሰማሁትን የፍቺ ምክንያት ሁሉ ደረደርሁላቸው። አንዱም አልነካቸው።

«አባቴ፣ መለየት እንዴት እንደ ሆነ አይተን አናውቅም» አለች ኦክስጅን። «እስቲ እርስዎ ከባለቤትዎ ተለይተው ያሳዩን።»

ከአምቡላንሱ ውስጥ የሴቲቱ ጩኸት ተሰማ። እንግዲህ ምን ላድርግ? ባለቤቴን በስሟ ጠርቼ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «ወርቅያንጥፉ፣ ከዛሬ ጀምሮ ተለያይተናል፤ ዕቃሽን ይዘሽ ሂጂ» አልሁ። ሁለቱ እጅ ለእጅ ሊላቀቁ ሲሉ ነቃሁ።

ነግቷል። ወርቅያንጥፉ ነጠላዋን ደርባ፣ ሣጥኗን አውጥታ በሩ ላይ አስቀምጣለች። አጠገቧ የንስሐ አባታችን ከሁለት የሰፈር ሽማግሌዎች ጋር አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል።

«ሌሊት ያሉኝን ይድገሙት» አለችኝ። «እነርሱም ይስሙ።»