የታደሰ ፒክአፕ ከፍ ካለች በኋላ

ሰው መቼም ከፍ ማለት ይወዳል። አጥሩን ከፍ ያደርጋል፣ ተረከዙን ከፍ ያደርጋል፣ ስልክ ሲያወራ ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ቦንጋ ራሷ ኮረብታ ላይ ተቀምጣ ጫካውን ቁልቁል ስለምታይ፣ እኛ ነዋሪዎቿ ከፍ የማለት አመል ቢኖረን አይፈረድብንም። ከፍ ማለቱ ክፋት የለውም። ችግሩ ከፍ ካሉ በኋላ የሚመጣው መንቀጥቀጥ ነው። ስለ ሹመት የማወራ ከመሰላችሁ ተሳስታችኋል፤ የማወራው ስለ ባሌ መኪና ነው።

ባሌ ታደሰ ማር ነጋዴ ነው። በደካ በኩል እየዞረ ማር ይገዛና በአሮጌ ፒክአፑ ጭኖ ቦንጋ ያመጣል። የዚያን አገር የገጠር መንገድ በክረምት ያየ ያውቀዋል፤ ያላየ ደግሞ ባያየው ይሻለዋል። መኪናዋ በየጉዞው ሆዷን ጭቃ ላይ አስተኝታ ስታስቸግረው፣ አንድ ቀን ከፍ ላስደርጋት ነው አለኝ። መኪናዋን ከፍ ከማድረግ መንገዱን ማስተካከል አይሻልም ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ የቀበሌ ስብሰባ ላይ ከአጀንዳ ውጭ እንደተናገረ ሰው አየኝ።

ወደ ኑሪ ጋራዥ ወሰዳት። ኑሪ ጎበዝ መካኒክ ነው፤ ይህንንም ከማንም በፊት ራሱ ይነግራችኋል። ከኋላ ጭነቱን በሚሸከመው ባሌስትራ ሥር ወፍራም ብረት አስገባ፣ ፊቷንም እንደዚያው አነሳውና መኪናዋ ቀና አለች። እኔ በቁመቴ ብዙም ስላልታደልኩ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ፊት ወንበር ላይ የምወጣው በቅሎ እንደሚፈናጠጥ ሰው በሩን ተንጠልጥዬ ሆነ። ታደሰ ግን በጣም ደስ አለው። ጭቃውንም እንደ ዳክዬ ታልፈው ጀመር።

አስፋልት ላይ ስትወጣ ነው ጉዱ። ፍጥነት ስትጨምር ከታች የሆነ ነገር ይጀምራታል። መጀመሪያ ወንበሩ ይርገበገባል፣ ቀጥሎ መስታወቱ፣ ቀጥሎ የእኔ አገጭ። ታደሰ በመጀመሪያው ሳምንት አትንቀጠቀጥም አለ። ቀጥሎ ጎማው ነው አለና ጎማውን አስተካከለ። ከዚያ አስፋልቱ ነው፣ ከዚያ ነዳጁ ነው፣ በመጨረሻም የሰው ዓይን ነው አለ። ኑሪም መኪናዋን ያነሳት ራሱ ስለሆነ፣ ከማንሳቱ በስተቀር ሁሉንም ነገር ይጠረጥር ነበር።

እኔ ግን አንድ ነገር አስተውያለሁ። ማር ጢም ብላ ስትጫን ዝም ትላለች፤ ባዶዋን ስትሆን ትንቀጠቀጣለች። ይህንኑ ለሁለቱም ነገርኳቸው። ኑሪ በአክብሮት፣ "እትዬ፣ ጭነት ያላት መኪና ትረጋጋለች፤ የታወቀ ነው" አለኝ። ታውቆ ቀረ።

በዚህ መሐል የታደሰ ታናሽ ወንድም ዳንኤል ራቅ ካለችው ከተማ ከዋጫ አንዲት ልጅ ወደደ። ማርታ ትባላለች። አባቷ ጋሽ አድማሱ ልጃቸውን ራቅ አድርገው አይድሩም እየተባለ ስለሚወራ፣ ዳንኤል ምግብ አልበላ ብሎ ሸሚዙ ሰፋው። ሦስት ሽማግሌዎች ተመረጡ። ዋናው ጋሽ ወልዴ ናቸው፤ በንግግራቸው ድንጋይ ያሳምናሉ የሚባሉ። የምናደርሳቸውም እኛ ሆንን። እኔም ዋጫ ያለች ጓደኛዬን ልጠይቅ በሚል ሰበብ ከኋላ በሁለቱ ሽማግሌዎች ጎን ተሸጎጥኩ። ማን ይቀራል?

ታዲያ ሽማግሌ እያንቀጠቀጡ መውሰድ ነውር ስለሆነ፣ እኔ ከምነግድባት ትንሽ ሱቄ የጨው ከረጢቶች አምጥተን መኪናዋ ላይ ጫንን። ሐሳቡ የእኔ ነበር። አላሳፈረኝም፤ እስከ ዋጫ ድረስ እንደ አልጋ ተንሳፈፍን። ጋሽ ወልዴም መንገዱን ሙሉ ንግግራቸውን በለሆሳስ ሲለማመዱ ሄዱ።

ደጃፉ ላይ ስንቆም ጋሽ አድማሱ ወጡ። እንግዶቹን አዩ፣ መኪናዋን አዩ፣ ጨውን አዩ። ሰውየው ከብት አርቢ ናቸው፤ ለከብት አርቢ ደግሞ ጨው ወርቅ ነው።

"ይሄን ሁሉ ምን አስቸገራችሁ?" አሉ።

ታደሰ አፉን ከፈተ። ለሽምግልና የመጣ ሰው "አይ፣ የናንተ አይደለም፣ መኪናችን ስለምትንቀጠቀጥ ነው" አይልማ። ጋሽ ወልዴ ቀደሙት። አንገታቸውን ሰበር አድርገው፣ "ትንሽ ነው፤ አታሳፍሩን" አሉ።

የቤቱ ጎረምሶች ከረጢቱን እየተሸከሙ ወደ ጓዳ አስገቡት። እኔ ጓደኛዬን ልጠይቅ የመጣሁ ሰው፣ ሱቄ በሰው ትከሻ ሲሄድ ቆሜ ሸኘሁት። ታደሰ ሰማዩን ያይ ነበር።

እንደ ወጉ ቢሆን ጋሽ አድማሱ "ሂዱና ሌላ ቀን ተመለሱ" ማለት ነበረባቸው። ግን ጨዋቸው ጓዳ የገባ ሰዎችን እንዴት ብለው ያባርራሉ? የጋሽ ወልዴ ንግግር ገና ከመግቢያው ሳያልፍ እሺ አሉ። ማርታ ተሰጠች። ጋሽ ወልዴ የቀረውን ንግግር ሳይናገሩት በመቅረታቸው ትንሽ እንደማዘን አሉ።

መመለሻው ባዶ ነበር። አስፋልቱ ላይ እንደወጣን መኪናዋ ጀመራት። ሁለቱ ሽማግሌዎች እርስ በርስ ተያያዙ። ጋሽ ወልዴ ሰው ሠራሽ ጥርሳቸውን አውልቀው በመሐረብ ጠቀለሉና ኪሳቸው ከተቱት፤ ድንጋይ የሚያሳምነው አንደበትም ቦንጋ እስክንገባ ተዘጋ።

በማግስቱ ጋሽ ወልዴ ጥርሳቸውን አጥልቀው ከእኛ ጋር ጋራዥ መጡ። ኑሪን ፊት ለፊት አስቁመው፣ "ይቺ መኪና ስትሄድ ጨው ጭና ዝም አለች፤ ስትመለስ ባዶዋን አስለቀሰችን። ያነሳሃት አንተ ነህ። ምን አድርገህባት ነው?" አሉት።

ይህን እኔም ብዬው ነበር። የእኔ ቃል ጢም የለውም እንጂ።

ኑሪ ከመኪናዋ ሥር ገብቶ ቆየና ሲወጣ ፊቱ ሌላ ሆኗል። ከካምቢዮው ተነስቶ የኋላውን ጎማ የሚያዞረው ረጅም ብረት በሁለት ጫፉ መታጠፊያ አለው። መኪናዋ ከፍ ስትል ብረቱ አጉል ዘመመና የአንዱ ጫፍ አስተጣጠፍ ከሌላው ጋር አልገጥም አለ፤ ሲዞር የሚያንዘፈዝፋት እሱ ነው። ጭነት ሲኖር ኋላዋ ዝቅ ስለሚል ብረቱ ወደ ቦታው ይጠጋል። ኑሪ ይህን በሁለት ክርኖቹ እያሳየ ሲያስረዳን፣ ራሱ ያጠፋው ሳይሆን ራሱ ያገኘው ነገር አስመሰለው። በባሌስትራው መቀመጫ ላይ በሁለቱም ጎን ሽብልቅ ብረት አስገባ፤ ረጅሙ ብረት የሚገባበት የኋላው ዲፈረንሻል አፍንጫውን ቀና አደረገና ሁለቱ ጫፎች ተስማሙ። በቃ። ያ ሁሉ ጨው የሄደው ጣት ለማታክል ሽብልቅ ነው።

ከዚያ በኋላ የሠርጉን ቀን ለመነጋገር እኔና ታደሰ ብቻችንን፣ ባዶ መኪና ይዘን ወደ ዋጫ ወጣን። ፍጥነት ጨመረ። ወንበሩ ዝም። መስታወቱ ዝም። አገጬም የራሴ ሆነ። ከስንት ጊዜ በኋላ መኪና ውስጥ ሳንጯጯህ ተሰማማን።

ታደሰ ጥቂት እንደሄድን፣ ልክ ፍቅር እንደሚያወራ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "አሁን ደግሞ ጎማውን ተለቅ ባደርገውስ?" አለኝ።

ልመልስለት አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ጸጥታው ገና መምጣቱ ነው፤ እስቲ ትንሽ ልስማው ብዬ።