አንድ ለመቶ ስልሳ

ሐኪም የሌለው መንደር ሞልቷል፤ የሐኪም ወረቀት ተርጓሚ የሌለው መንደር ግን ተፈልጎ አይገኝም። የሰቆጣው ተርጓሚ ደግሞ እንዲህ እንደዋዛ የሚጠሩ ሰው አይደሉም፤ ሊቀ ሊቃውንት ዘደም ወሽንት፣ የተከበሩ አቶ እንግዳው ናቸው። አሥራ አንድ ዓመት የጤና ጣቢያው ዘበኛ ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ ከበሩ ፊት ለፊት ያለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ ከዚያ ወዲህ ወረቀት ይዞ የወጣ ሁሉ ሳያሳያቸው አያልፍም።

"ወዲህ በለው እስቲ! ደም እንደሁ አይዋሽም!"

ይሄ ነገር ዘኪያን ያንገበግባታል። የባለሱቁ የሙሄ ልጅ ናት፤ ላብራቶሪ ተምራ ከመጣች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ጊዜውም ዘጠና ሰባት ዓ.ም.። የታይፎይዱን ምርመራ የምትሠራው እሷ ናት። ሰውነት በሽታ ሲገባበት የሚዋጋለትን ፕሮቲን ያመርታል፤ እሷ የደሙን ውሃ እያቀጠነች ፕሮቲኑ እስከ ስንት ድረስ እንደሚታይ ትጽፋለች። አንድ ለሃያ፣ አንድ ለመቶ ስልሳ። ያን ያህል ቀጥኖም ከታየ፣ ብዙ ነበር ማለት ነው።

አቶ እንግዳው ግን ድሮ ወታደር ነበሩና ቁጥሩ ገና ሲያዩት ገባቸው።

"አንድ ጠላት፣ መቶ ስልሳ ወታደር! ሌላ ምን ትፈልጋለህ? ሂድ ተኛ!"

አንድ ለሃያ ለያዘው ጤነኛ ደግሞ ከንፈራቸውን ይመጥጡለታል። ቢሆነኝ የሚባል የአጎራባቹ የዝቋላ ወረዳ ገበሬ "ሃያ ብቻ ነው ያለህ" ቢሉት ደንግጦ፣ ሰራዊት ላብዛ ብሎ ፍየሉን አርዶ ለብቻው በላት። ሚስቱ እስካሁን አልታረቀችውም።

"ኧረ ጋሼ፣ ሰው ያስጨርሳሉ!" ትላቸዋለች ዘኪያ።

"አንቺ ቁጠሪ ልጄ፣ እኔ ልተርጉም" ብለው ይስቃሉ።

አንድ ጠዋት ላብራቶሪው በር ላይ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመው አገኘቻቸው። ሚስታቸው እትዬ ጥሩሐረግ ትኩሳት ከያዛቸው ሳምንት ሞልቷቸዋል። ወረቀቱን ዘረጉላት፤ የራሷ ጽሑፍ ነው።

"መቶ ስልሳ ናቸው፣ ልጄ። ታዲያ ለምን አያሸንፉም?"

ዘኪያ ሁለት ዓመት ያጠራቀመችውን ቁጣ ትታ ወረቀቱን ተቀበለቻቸው።

"ጋሼ፣ የበዙት እኮ ጦርነት ስላለ ነው። አንዳንዴም ከድሮ ውጊያ የቀሩ ይሆናሉ። ቁጥሩ ብቻውን አይናገርም፤ ሐኪሙ ትኩሳታቸውንም አይቶ ነው መድኃኒት ያዘዘላቸው። እየዋጡ አይደል?"

አቶ እንግዳው ከኪሳቸው መሐረብ አወጡ፤ የመድኃኒቱ ፍሬዎች አንድም ሳይጎድል ተቋጥረውበታል።

"ሰራዊትሽ ይበቃሻል ብዬ ከለከልኳት። ወይኔ! ገደልኳት እኮ!"

"አልሞቱም! ይሩጡ!"

በስልሳ ስድስት ዓመታቸው ሮጡ። ዘኪያም ጋውኗን ሳታወልቅ ተከተለቻቸው፤ የመጀመሪያዋን ፍሬ እትዬ ጥሩሐረግን በእጇ አስዋጠቻቸው። በሳምንቱ እትዬ ጥሩሐረግ ቀና ብለው ባላቸውን መስደብ ሲጀምሩ፣ መዳናቸው ታወቀ።

አቶ እንግዳው ወደ ድንጋያቸው ተመለሱ። ትርጓሜው ቀርቷል፤ አሁን ደግሞ መድኃኒቱን ፊታቸው ያልዋጠ ሰው አያሳልፉም።

ክረምት ላይ ትኩሳቱ ዘኪያን ጣላት። ደሟን ራሷ መረመረች፣ ቁጥሩን ራሷ ጻፈች። ምን እንደሚልና ምን እንደማይል ከእሷ በላይ የሚያውቅ በከተማው የለም። መድኃኒቷን ዋጠች፤ ወረቀቷን ይዛ ግን አቶ እንግዳው ዘንድ ሄደች።

"እኔ ምን አውቄ፣ ልጄ" አሉ ሳያዩት። "አንቺስ ምን ትያለሽ?"

"ፈራሁ፣ ጋሼ።"

ጠጋ አሉላት።

"እንግዲያስ ነይ ተቀመጪ። እስኪለቅሽ አብሬሽ ነኝ።"