የክት አቤቱታ

ነገርን እንደ ክት ልብስ አጥፎ የሚያስቀምጥ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ አግብቼዋለሁ።

አፍንጮ በር ባለው ግቢያችን ወሰን ከጎረቤት ጋር ስንካሰስ፣ ማስረጃችን አማቴ የተከሉት ዝግባ ነበር። ጎረቤት ቆረጠው። "ዛሬውኑ ለዳኛዋ አመልክት" ስለው፣ ባለቤቴ "ለፍርድ ቀን ይቆየኝ" አለ።

በፍርዱ ቀን ተነሥቶ "ምልክታችንን ቆረጡት!" አለ።

"አባት፣ ሲቆረጥ የት ነበሩ?" አሉ ዳኛዋ።

"በረንዳዬ ላይ ሆኜ አይ ነበር።"

"ታዲያ ያኔ ለምን ዝም አሉ?"

"የክት ነገር በአዘቦት ይወጣል እንዴ፣ ክብርት ዳኛ?"

ጊዜው አልፎ ነበርና ተረታን፤ ግማሽ ግቢያችን ሄደ።

ተመስገን ነው፣ ልጆቼ በዝግባው ጥላ አድገዋል። ዓይኔ ግን አሁንም ይፈልገዋል። ትናንት ከቅዳሴ ስንመለስ ባለቤቴ በአጥሩ ቀዳዳ ባዶውን ቦታ አየና "ናፈቀኝ" አለ።

ለካ ናፍቆቱንም አስቀምጦት ኖሯል።